የእቁቤን ዕጣ በሙሉ «ዘር» አድርጌ ልስጥ?

ጥያቄ፦ «በአዲስ አበባ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለኝ። ጌታን ከተቀበልኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ አሥራቴን አንድም ወር አላጓደልኩም። ካለፈው ዓመት ተኩል ወዲህ ግን ንግዴ እየደከመ ሄዷል። ወደ ቤታችን እየመጣ የሚጸልይልን አንድ አገልጋይ ‹የታሰርከው የሚከብድህን ዘር ስላልዘራህ ነው› ብሎኛል። በየወሩ 10,000 ብር የምጥልበት፣ 24 አባላት ያሉት እቁብ አለኝ፤ በስምንተኛው ዙር 240,000 ብር ወጥቶልኛል። በሙሉ እንድሰጠው ልቤ ተነሣሥቷል፤ ባለቤቴ ግን የቤት ኪራይና የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ይቀድማል ትላለች። ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። ከማመኔ በፊት ከሸሪኬ ጋር ስንለያይ ከዕቃው ግምት ድርሻው የሆነውን 90,000 ብር ያህል ደብቄዋለሁ። ስድስት ሠራተኞቼን ለጡረታ አላስመዘገብኩም፤ ደንበኛ ካልጠየቀኝም ደረሰኝ አልቆርጥም። አገልጋዩ ‹ያ አሮጌው ሰውህ ነው፤ በደሙ ታጥቧል› ይለኛል። በእምነት ብቻ ከዳንኩ ይህን ሁሉ መቆፈር ያስፈልገኛል? ወይስ ለመስጠት በማመንታቴ እምነቴ ጎድሏል?»

ምላሽ፦ ዕጣውን አይስጡት። ይህን የምለው መባ ዋጋ የሌለው ስለሆነ ሳይሆን፣ ሊሰጡት ያሰቡት ገንዘብ አብዛኛው የእርስዎ ስላልሆነ ነው። ስምንት ዙር ስለጣሉ የራስዎ ቁጠባ 80,000 ብር ነው። ቀሪው 160,000 ብር ገና ዕጣ ያልወጣላቸው 16 አባላት በእቁቡ ዳኛና በዋስዎ ተማምነው ያበደሩዎት፣ በሚመጡት 16 ወራት እየጣሉ የሚመልሱት ዕዳ ነው። እቁብ ወለድ ስለሌለውና ገንዘቡም በአንድ ጊዜ እጅ ስለሚገባ ብድር መሆኑ በቀላሉ ይረሳል። ነገ ንግድዎ ቢሰናከልና መጣል ቢያቅትዎ ግን እርስዎ ለእግዚአብሔር ሰጠሁ ያሉትን ገንዘብ የሚከፍለው ዋስዎ ይሆናል። የራስዎ በሆነው 80,000 ብር ላይ ደግሞ የሸሪክዎ 90,000 ብር አለበት። ስለዚህ ነገሩ በእምነት በበረቱት በእርስዎና በእምነት በደከመችው ባለቤትዎ መካከል ያለ ክርክር ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ከሁለታችሁ ሂሳቡን በትክክል ያየችው እርሷ ናት።

«በእምነት ብቻ ከዳንኩ» የሚለው ጥያቄዎ ከትክክለኛ ትምህርት ተነሥቶ የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል። ሐዋርያው ጳውሎስ በኤፌሶን መልእክቱ ምዕራፍ 2 ቁጥር 8 እና 9 ላይ የዳንነው በጸጋ፣ በእምነት መሆኑን፣ ማንም እንዳይመካም ከሥራ እንዳልሆነ ይናገራል፤ ብዙ ሰው በቃሉ የሚይዘው እስከዚህ ድረስ ነው። ቁጥር 10 ግን ያንኑ ሐሳብ ሳያቋርጥ፣ እግዚአብሔር አስቀድሞ ያዘጋጀውን መልካም ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ እንደ ተፈጠርን ይናገራል። ሥራው መዳንን የሚገዛ ዋጋ ሳይሆን የዳነ ሰው የሚመላለስበት መንገድ ነው። «በእምነት ብቻ» በሚለው ትምህርቱ የሚታወቀው ማርቲን ሉተር እንኳ በ1522 እ.ኤ.አ. ለሮሜ መልእክት በጻፈው መግቢያ ላይ፣ እምነት ሕያውና ሥራ የማይፈታ ነገር መሆኑን፣ መልካም ሥራ ይደረግ ወይስ አይደረግ ተብሎ ከመጠየቁ በፊት አድርጎት እንደሚገኝ ጽፏል። በዚያው ዓመት፣ እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው የሚለውን የያዕቆብን መልእክት «የገለባ መልእክት» ብሎ ያቃለለው ሰው ይህን መጻፉ ልብ ሊባል ይገባዋል። በእምነትና በሥራ ግንኙነት ላይ በወንጌላውያንና በኦርቶዶክሳውያን መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛና ጥንታዊ ነው፤ ይሁን እንጂ የባልንጀራውን ገንዘብ ይዞ መቀመጥ እንደሚችል ለአማኝ ያስተማረ ወገን ከሁለቱም ዘንድ አላውቅም።

አገልጋዩ «በደሙ ታጥቧል» ሲልዎ እውነት የሆነ ነገር ተናግሮ ያለ ቦታው ተጠቅሞበታል። የክርስቶስ ደም በእግዚአብሔር ፊት ያለብዎትን በደል ያስተሰርያል፤ ሸሪክዎ ግን 90,000 ብሩ ዛሬም አልደረሰውም። ይቅር መባል የጎደለበትን ሰው ድርሻ አይመልስለትም። የዘሌዋውያን ሕግ በምዕራፍ 6 ባልንጀራውን ያታለለ ሰው የወሰደውን ሙሉውን፣ አምስተኛ እጅም ጨምሮ ለባለቤቱ እንዲመልስ፣ የበደል መሥዋዕቱንም ለእግዚአብሔር እንዲያቀርብ ያዛል፤ ሁለቱም ይፈጸማሉ፣ አንዱም ሌላውን አይተካም። ጌታ ራሱ በተራራው ስብከት መባውን ወደ መሠዊያው ያመጣ ሰው ወንድሙ አንዳች የሚያዝንበት ነገር እንዳለ በዚያ ቢያስብ፣ መባውን በዚያው ትቶ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ አዝዟል። እርስዎ ያለዎት ቦታ በትክክል ይህ ነው፤ መባውን በእጅዎ ይዘው ወንድምዎን አስታውሰዋል።

የዘኬዎስን ታሪክ ከዚህ አንጻር ደግመው ያንቡት። ሉቃስ ምዕራፍ 19 ላይ የነገሮቹ ቅደም ተከተል ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያ ኢየሱስ ቀና ብሎ በስሙ ይጠራዋል፣ «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛል» ይለዋል፤ ሕዝቡ እያጉረመረመም በደስታ ይቀበለዋል። ዘኬዎስ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ ማንንም በሐሰት ከስሶ የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ጸጋው ቀደመ፣ መመለሱ ተከተለ። አራት እጥፍ የሚለው ቁጥርም እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ በዘጸአት ምዕራፍ 22 በግ ሰርቆ ባረደ ወይም በሸጠ ሰው ላይ የተወሰነ ቅጣት ነው። በሮም ሥርዓት ውስጥ ሕጋዊ ሹመት የነበረው የቀራጮች አለቃ ማንም ሳይከሰው ራሱን በሌባ ሕግ ዳኘ። በተጨማሪም ለድሆች የሚሰጠውንና ለተበደሉት የሚመልሰውን ለይቶ ማስቀመጡን ያስተውሉ፤ ለድሆች ስለሰጠ ለተበደሉት የሚመልሰው አልቀረም። ስለ ወንጌል ለውጥ ስናስተምር ብዙ ጊዜ ስለ መጠጥ፣ ስለ ጫትና ስለ ዝሙት እንናገራለን፤ በአንድ ሰው የሂሳብ መዝገብ ውስጥ ስለሚታየው ለውጥ ግን የምንናገረው እጅግ ጥቂት ነው፣ ይህም በስብከታችን ውስጥ ያለ ከባድ ጉድለት ይመስለኛል።

«ዘር» የተባለው ትምህርት የሚደገፍበት ዋናው ጥቅስ በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9 ላይ በጥቂት የሚዘራ በጥቂት ያጭዳል የሚለው ነው። ያ ክፍል ስለ ምን እንደ ተጻፈ ከምዕራፍ 8 ጀምሮ ቢያነቡት ይገኛል፤ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉ ችግረኛ ምእመናን ከመቄዶንያና ከአካይያ አብያተ ክርስቲያናት እርዳታ እያሰባሰበ ነበር። ገንዘቡ ወደ ጳውሎስ ኪስ አልገባም፤ ማንም እንዳይነቅፈው ብሎ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሌላ ሰው አብሮ እንዲጓዝ አድርጓል፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እንደሚያስብ ጽፏል። የመጠኑንም ጉዳይ በምዕራፍ 8 ቁጥር 12 ላይ ዘግቶታል፤ ፈቃዱ ካለ ስጦታው የሚወደደው ሰው እንዳለው መጠን እንጂ እንደሌለው መጠን አይደለም። ከእቁብ ተበድሮ መስጠት እንደሌለው መጠን መስጠት ነው። «የሚከብድህን ካልሰጠህ አይፈታልህም» የሚለውም አነጋገር በምዕራፍ 9 ቁጥር 7 ላይ በኀዘን ወይም በግድ አይሁን ከተባለው ጋር አይስማማም።

ሁለተኛው የሚጠቀሰው ሚልክያስ ምዕራፍ 3 ነው፤ አሥራቱን ሁሉ ወደ ጎተራ አግቡ የሚለው ቁጥር 10 በየቤተ ክርስቲያኑ ይነበባል። አምስት ቁጥር ወደ ላይ ቢወጡ ግን በቁጥር 5 ላይ እግዚአብሔር ለፍርድ እንደሚቀርብና ፈጥኖ እንደሚመሰክር ይናገራል፤ ከሚመሰክርባቸውም መካከል የሠራተኛውን ደመወዝ የሚከለክሉ፣ መበለቲቱንና ድሀ አደጉን የሚያስጨንቁ ይገኛሉ። ነቢዩ ስለ አሥራት የተናገረው ስለ ደመወዝ ከተናገረ በኋላ ነው። የጎተራው ነገርም ቢሆን በነህምያ ምዕራፍ 13 ከተጻፈው ጋር አብሮ ሲነበብ ይበልጥ ይገባል፤ አሥራቱ በመቅረቱ ሌዋውያን አገልግሎቱን ትተው ወደ እርሻቸው ሄደው ነበር፣ ነህምያም አሥራቱ ሲመለስ የታመኑ ሰዎችን በጎተራው ላይ ሾመ። በዘዳግም ምዕራፍ 14 መሠረት የሦስተኛው ዓመት አሥራት በየከተማው ለሚኖረው ሌዋዊ፣ ለመጻተኛው፣ ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱ ነበር። ይህ ሁሉ ለማኅበረሰብ የተዘረጋ፣ ጠባቂ የተሾመለት ሥርዓት ነው፤ አንድ አገልጋይ በሰው ሳሎን ተቀምጦ ለራሱ የሚቀበለውን ገንዘብ በዚህ ጥቅስ መደገፍ አይቻልም።

ንግድዎ ለምን ደከመ ለሚለው ከእምነትዎ ውጭ ግልጽ የሆኑ ምክንያቶች አሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በግንባታ ዕቃ ንግድ ውስጥ ቧንቧው፣ የመብራት ዕቃው፣ የፌሮው ጥሬ ዕቃ ሳይቀር ብዙው ከውጭ የሚገባ ነው፤ መደርደሪያው ላይ የነበረውን ዕቃ በድሮ ዋጋ ሸጦ የጨረሰ ነጋዴ በእጁ በገባው ብር ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ መግዛት አልቻለም። ትርፍ ያገኘ እየመሰለው መነሻ ካፒታሉን የበላ ብዙ ነው። የእርስዎም ድካም ከዚህ የመጣ መሆን አለመሆኑን በሂሳብ ባለሙያ ማስመርመር ይቻላል። መከራን ሁሉ ከስውር በደል ጋር ማያያዝ የኢዮብ ወዳጆች ያደረጉት ነገር ነው፤ እግዚአብሔርም በመጽሐፉ መጨረሻ ስለ እርሱ ቅን ነገር እንዳልተናገሩ ነግሯቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ እርሱም መጋቢነት ነው። አሥራት በታማኝነት የሚከፍሉ ብዙ አማኞች ከአሥር አንዱ የእግዚአብሔር ነው፣ ዘጠኙ የኔ ነው የሚል አሳብ ሳያስቡት ይዘው ይኖራሉ። መጋቢ ግን የሌላ ሰው ንብረት በእጁ ያለ ሰው ነው፤ የሚመረመረውም ባወጣው ብቻ ሳይሆን በያዘው ሁሉ ነው። በሱቅዎ ውስጥ የሚያልፈውን ገንዘብ በዚህ ዓይን ይመልከቱት። ዋጋው ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ አካትተው በሸጡ ቁጥር 15 በመቶው ደንበኛው ለመንግሥት እንዲያደርሱለት በእጅዎ ያኖረው አደራ ነው፤ ደረሰኝ ሳይቆርጡ ሲቀሩ ያንን አደራ ወስደዋል። የጡረታውም ነገር ከዚህ አይለይም። የግል ድርጅት አሠሪ ከራሱ የሠራተኛውን ደመወዝ 11 በመቶ፣ ከሠራተኛው ደግሞ 7 በመቶ ቀንሶ ማስገባት አለበት። ስድስቱ ሰዎች ሲሚንቶ ሲያወርዱና ፌሮ ሲሸከሙ የኖሩባቸው ዓመታት በየትም አልተመዘገቡም፤ ጉልበታቸው ሲደክም የአገልግሎት ዘመናቸው እንደሌለ ይቆጠራል። ያዕቆብ በምዕራፍ 5 ላይ የተቀማው የሠራተኞች ደመወዝ ይጮኻል ሲል የተናገረው ይህን ለመሰለ ነገር ነው። በቁጥር ካሰብነው ለጡረታቸው ሳይከፍሉ ያስቀሩት 11 በመቶ ለቤተ ክርስቲያን ባመጡት አሥራት ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሊያሳዝንዎ ሳይሆን በግልጽ እንዲያዩት ብዬ ነው የጻፍኩት።

ዮሐንስ አፈ ወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ላይ ባስተማራቸው ድርሳናት፣ መበለቶችንና ድሀ አደጎችን ገፍፎ ለመሠዊያው የወርቅ ጽዋ ማቅረብ ለመዳን እንደማይበቃ አስጠንቅቋል። በእኛም አገር በ1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የወንጌል ስብከትና የሰው ልጅ ልማት ተነጣጥለው መታየት እንደሌለባቸው፣ የሰው መንፈሳዊና ሥጋዊ ፍላጎት በአንድነት መያዝ እንዳለበት ተከራክራለች። ደብዳቤው የተጻፈው የውጭ ለጋሾች ለልማት እጃቸውን ሲዘረጉ ለስብከት ሥራ ግን በመሰብሰባቸው ነው። ዛሬ በእኛ ዘንድ መከፋፈሉ ወደ ሌላው ወገን አዘንብሏል፤ መድረኩ ላይ እንዘምራለን፣ የሠራተኛው ጡረታ ግን የዓለም ነገር ይባላል። ቄስ ጉዲና በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው የተገደሉ፣ ያስተማሩትን የኖሩ ሰው ስለነበሩ ይህ ቃል ከእኛው ቤት የወጣ መሆኑን ማስታወስ ይገባናል።

ምክሬ እንደሚከተለው ነው። 160,000 ብሩን በንግዱ ውስጥ ለሚዞር ዕቃ ብቻ ያውሉት፤ ለ16 ወራት በየወሩ የሚጥሉት 10,000 ብር ከዚያ መውጣት አለበት። የቤት ኪራዩና የትምህርት ቤቱ ክፍያ ከወር ገቢዎ ይሸፈን፤ በአንደኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 5 ቁጥር 8 ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው ተብሏል፣ ጌታም በማርቆስ ምዕራፍ 7 ቁርባን ነው እያሉ አባትና እናታቸውን ከመርዳት የሚሸሹትን ገሥጿል። 80,000 ብሩ ለሸሪክዎ የሚከፈል የመጀመሪያ ክፍያ ይሁን። አምስተኛው እጅ ሲታከል ዕዳው 108,000 ብር ይደርሳል፤ ይሁን እንጂ ብር ከዚያ ወዲህ የመግዛት አቅሙ በእጅጉ ስለወረደ ይህ ቁጥር መነሻ እንጂ መድረሻ እንዳልሆነ አስቀድመው ይቀበሉ። ሁለታችሁም የምታከብሯቸው ሁለት ሽማግሌዎች በተገኙበት እውነቱን ሙሉ በሙሉ ይንገሩት፣ እርሱ የሚለውን ይስሙ፣ ቀሪው በስንት ጊዜ እንደሚከፈል በጽሑፍ ይስማሙ። ወደ እርሱ ከመሄድዎ በፊት ግን ለባለቤትዎ ምንም ሳያስቀሩ ይንገሯት፤ በቤት ውስጥ ተደብቆ የሚከፈል ዕዳ ሌላ ክህደት ይወልዳል።

ደረሰኙን ከነገ ጀምረው ይቁረጡ፣ ሠራተኞችዎንም በዚህ ወር ያስመዝግቡ። ጎረቤት ሱቅ ያለ ደረሰኝ አርክሶ ስለሚሸጥ የሚሄዱብዎት ደንበኞች ይኖራሉ፤ ይህ ኪሳራ እውነተኛ ነው፣ ትንሽ እንደሆነ አድርጌ ልነግርዎ አልፈልግም። ያለፉት ዓመታት ግብርና የጡረታ መዋጮ ቅጣትና ወለድ ሊያስከትል የሚችል የሕግ ጉዳይ በመሆኑ ከእኔ ሙያ ውጭ ነው፤ ወደ ግብር ቢሮው ከመሄድዎ በፊት የተፈቀደለት የሂሳብ ባለሙያና ጠበቃ ያማክሩ፣ «በዚህ በኩል ላስጨርስልህ» ከሚል ደላላ ግን ይራቁ፤ አንዱን በደል በጉቦ መዝጋት ንስሐ አይሆንም። አሥራትዎን አያቋርጡ፤ ከሽያጩ ሳይሆን ደመወዝ፣ ጡረታና ግብር ከተነሣ በኋላ ከሚቀረው የተጣራ ገቢ ያስሉት። ከአሥራት በላይ የሆነውን ስጦታ ሁሉ ሸሪክዎ ተከፍሎ እስኪያልቅ ያቆዩት።

ስለ አገልጋዩ ልብ እኔ ልፈርድ አልችልም፤ እርስዎም አይፍረዱ። የነገረዎትን ለአጥቢያዎ ሽማግሌዎች ያሳውቁ፣ ገንዘቡ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሂሳብ ገብቶ ደረሰኝ የሚቆረጥለት መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። ባለመስጠትዎ እርግማን ይደርስብዎታል ካለዎት የቤት ለቤት ጸሎቱን ያቁሙ። ሌላ ጥንቃቄም አለ፤ ገንዘቡን መመለስ በራሱ ከእግዚአብሔር ጋር የሚደረግ ሌላ ዓይነት የ«ዘር» ውል እንዳይሆንብዎ። የሸሪክዎን ድርሻ ስለመለሱ ንግድዎ እንደሚያንሰራራ የሚናገር ተስፋ የለንም፤ ሸሪክዎም ገንዘቡን ተቀብሎ ይቅርታውን ሊነፍግዎ መብቱ ነው። ለእምነትዎ ግን አይስጉ፤ በጸጋ ባይያዙ ኖሮ ከስድስት ዓመት በላይ ማንም ያልጠየቀዎት ገንዘብ እንቅልፍ አይነሳዎትም ነበር።

ሸሪክዎ አገር ለቆ ከሆነ ያፈላልጉት፤ ዛሬ በባሕር ማዶ ላለ ሰው ገንዘብ ማድረስ አስቸጋሪ አይደለም። ሞቶ ከሆነ ለባለቤቱና ለልጆቹ ይክፈሉ። በዘኍልቍ ምዕራፍ 5 ቁጥር 8 እንደ ተጻፈው፣ የተመለሰው ገንዘብ ለእግዚአብሔር ተሰጥቶ ለካህኑ የሚሆነው ተቀባይ የሚሆን የቅርብ ዘመድ ሲታጣ ብቻ ነው።